የተከበሩ ተጠቃሚ፣ እባክዎ አይደንግጡ

አማቴ፣ የባሌ አባት፣ ሰው ማስደንገጥ አይወዱም። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ዳታቤዙን የሠሩት እሳቸው ናቸው። ከቴሌፎን መሥሪያ ቤት ጡረታ ወጥተው፣ ጓዳ ውስጥ ተቀምጠው፣ ብቻቸውን። ዳታቤዝ ማለት የመረጃ መጋዘን በሉት። ክሊኒኮች ይጠቀሙበታል፣ ላቦራቶሪዎች ይጠቀሙበታል፣ አንድ ሁለት ትምህርት ቤትም አለ። ጥሩ ነው። ፈጣን ነው። ቶሎ አይበላሽም። ሲበላሽ ግን አይናገርም። ማለቴ ይናገራል፤ ግን የሚናገረው እንደ አማቴ ነው።

አሁን ዳታቤዙን የሚሸጠውን ድርጅት የሚመራው ባሌ ነው። እኔ መልእክት ጸሐፊ ነኝ። ዳታቤዙ አንድ ነገር ሲያቅተው ስክሪን ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ እጽፋለሁ፣ ሎጉ ውስጥ የሚገባውንም እጽፋለሁ። ሎግ ፕሮግራሙ ምን ሲሠራ እንደዋለ ለራሱ የሚጽፍበት ፋይል ነው። ደህና ቀን ማንም አይከፍተውም። ነገር የተበላሸ ቀን ሁሉም ይከፍተዋል።

የምጽፈው ግን አዲስ የተጨመረውን ብቻ ነው። የድሮዎቹ መልእክቶች የአማቴ ናቸው፤ አይነኩም። እነሱን መንካት የአባታቸውን ፎቶ ከግድግዳ እንደማውረድ ነው።

አንዱን ላሳያችሁ። ዲስኩ መሙላት ሲጀምር እንዲህ ይላል፦

«የተከበሩ ተጠቃሚ፣ እባክዎ አይደንግጡ። የማስቀመጫው ቦታ ጠበብ ያለ ይመስላል። በሚመችዎ ጊዜ ቢመለከቱት ደስ ይለናል። መልካም የሥራ ቀን።»

ዲስኩ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ አንዲት ፊደል እንኳን አልገባ ስትል ደግሞ እንዲህ፦

«የተከበሩ ተጠቃሚ፣ እባክዎ አይደንግጡ። ያስገቡት መረጃ ምናልባት ላይቀመጥ ይችላል። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን። መልካም የሥራ ቀን።»

ምናልባት የለም። አልተቀመጠም።

ገና እንደተቀጠርኩ ጠይቄያቸው ነበር።

«አባባ፣ ይቺ ‹ምናልባት› ምንድን ናት? አልተቀመጠም እኮ።»

«አውቃለሁ ልጄ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ የሚያነበው ሰው ነው።»

ከዚያ ነገሩኝ። በወጣትነታቸው ቴሌግራም መስኮት ላይ ይሠሩ ነበር። አንዲት ሴት መጣች። ማንበብ አልችልም፣ አንብብልኝ አለች። አነበቡላት፣ እንደተጻፈው። ወንድምሽ ሞቷል ይላል። ሴትየዋ እዚያው መስኮቱ ሥር ወደቀች፣ ጭንቅላቷን ሲሚንቶው መታት። ከዚያ ወዲህ አማቴ እንቅጩን ተናግረው አያውቁም። ምሳ ቀርቧል ለማለት ራሱ ከአየሩ ነው የሚጀምሩት።

ምን ትላላችሁ? እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ከዚያ የደም ባንኩ ነገር መጣ።

ደም ባንክ ውስጥ የምርመራ ውጤት የምታስገባ ልጅ አለች። እንዝርት ነው የሚሏት፤ ስትሠራ ስለምትሾር። ለጋሽ ይመጣል፣ ደሙ ይቀዳል፣ ናሙናው ይመረመራል፣ እሷ ውጤቱን ታስገባለች። ውጤቱ ያልገባ ደም ለማንም አይሰጥም።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ዲስኩ ሞላ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ውጤት ባስገባች ቁጥር ሳጥኗ ብቅ ትላለች፤ «የተከበሩ ተጠቃሚ»። እንዝርት «እሺ» የሚለውን ትጫናለች። ቀጣዩን ታስገባለች። ብቅ። እሺ። ብቅ። እሺ። ማምሻውን ኮቷን ለብሳ ወጣች።

በነጋታው ውጤቶቹ የሉም። ናሙናዎቹ በደንቡ መሠረት ተጥለዋል። የደም ከረጢቶቹም ተጣሉ። ሰው አልሞተም። ቀዶ ጥገና የተዘጋጀላቸው ሰዎች ግን ወደ ቤታችሁ ተመለሱ ተባሉ፣ ክንዳቸውን የሰጡት ለጋሾች ደግሞ እንደገና ኑ ተባሉ። የመጡት ሲሳደቡ መጡ። ያልመጡት ስልክ ላይ ተሳደቡ።

የደም ባንኩ ሰዎች ሎጉን ከፈቱ። ከላይ እስከ ታች «የተከበሩ ተጠቃሚ፣ እባክዎ አይደንግጡ» ነው። ይኸው አሉ፤ ከሰዓቱን ሙሉ ተነግሯታል፣ እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ነው። ከሥራ አገዷት። ሐሙስ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ይቀመጣል፣ ከድርጅቱም ሰው መጥቶ አንድ ጥያቄ ይመልስ ተባለ፤ ፕሮግራሙ አስጠንቅቋታል ወይስ አላስጠነቀቃትም?

«አስጠንቅቋል» አለ ባሌ። ቢሮ ውስጥ ቆሞ ነው፣ ሲጨንቀው አይቀመጥም። «አዎ እንላለን፣ እንወጣለን።»

«አላስጠነቀቀም።»

«ሎጉ ላይ አለ እኮ!»

«ሎጉ ላይ ያለው መልካም የሥራ ቀን ነው።»

«ታዲያ ምን ላርግ? አላስጠነቀቀም ብል አባባን አሳጣኋቸው። ውሉም ይሄዳል።»

«አዎ ብትል ልጅቷ ትሄዳለች።»

ስልኩን ማየት ጀመረ። ስልኩ ላይ ምንም የለም።

«ለአባባ ነግረሃቸዋል?»

«ደም ግፊታቸው…»

«ነግረሃቸዋል?»

«ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ አልኩሽ!»

ቀስ ብሎ ሲነግራቸው ምሳ ላይ ነበርኩ።

«አባባ፣ የደም ባንክ ሰዎች ሰላም ይሉዎታል።»

«እግዜር ይስጣቸው። ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። ትንሽ… አይ፣ ደህና ናቸው።»

«ተመስገን» አሉ አማቴ። ልጅ አባቱን ነው።

እንዝርት ቤት ሄድኩ። ሁለተኛ ፎቅ፣ ደረጃው ላይ የሰው ብስክሌት ታስሯል፣ በሩ ላይ የላላ ደወል። የከፈተችው ራሷ ናት። እጇ ላይ ሳሙና አለ። ሥራ የለመደ ሰው ቤት ሲውል ያጠበውን ነው መልሶ የሚያጥበው።

ከየት እንደመጣሁ ስነግራት ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«አንቺ ነሻ ‹የተከበሩ› የምትዪው?»

«እኔ አይደለሁም። አማቴ ናቸው።»

«እንግዲያው አማትሽን አመስግኚልኝ። በዕድሜዬ እንደሳቸው ያከበረኝ ሰው የለም። ሲያከብሩኝ ሲያከብሩኝ ደጅ አወጡኝ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ?»

«መልእክቱን አንብበሽዋል?»

«አንብቤዋለሁ።»

«መቼ?»

«ሥራ የጀመርኩ ዕለት። ጠዋት ፕሮግራሙን ስከፍተው ያቺ ሳጥን ወጣች። ‹የተከበሩ ተጠቃሚ፣ እንኳን ደህና መጡ፣ መልካም የሥራ ቀን።› አነበብኩ። ደስ አለኝ። ለእናቴም ነግሬያታለሁ። በነጋታውም ወጣች። በሳልስቱም። ከዚያ በኋላ ማን ያነባል? አንቺ በር ላይ ዘበኛው እንዴት አደርሽ ሲልሽ ቆመሽ ታዳምጫለሽ?»

«አላዳምጥም።»

«ይኸውልሽ! የዚያን ቀን ከሰዓት መብዛቷ ገርሞኛል፣ አልዋሽሽም። ዛሬስ ሰላምታው በዛ አልኩ። ደግሞ ሰልፍ ነበረብኝ። ‹አይደንግጡ› ተብዬ ልደንግጥ?»

ሳሙናውን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

«አይዞሽ፣ ሌላ ቦታ ትገቢያለሽ ይሉኛል» አለች። «የት ነው የምገባው? በቸልተኝነት የተባረረችን ሴት የትኛው ላቦራቶሪ ነው ደም የሚያስነካት? ሌላ ሙያ የለኝም። ፈጣን ጣት ብቻ ነው ያለኝ። ሐሙስ አማትሽ ይመጣሉ?»

«ይመጣሉ» አልኩ።

አማቴ ገና ምንም አያውቁም።

ከዚያ በቀጥታ እሳቸው ጋ ሄድኩ። ጓዳቸው ውስጥ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ይወለውላሉ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ኮምፒውተር አለ፣ አንዱ በጨርቅ ተሸፍኗል። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ደም ባንክ ያለው ዲስክ ሞልቶ የአንድ ከሰዓት ውጤት ጠፋ። ውጤት የምታስገባዋ ልጅ መልእክቱን ሰላምታ መስሏት አለፈችው። ሐሙስ ሊያባርሯት ነው።»

መነጽሩ እጃቸው ላይ ቀረ።

«እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይ።»

«ተቀምጫለሁ።»

«ደህና ናት ልጅቷ?»

«አይደለችም።»

«መልእክቱ ወጥቶላታል?»

«ወጥቶላታል። መልካም የሥራ ቀን ብሏታል።»

መነጽሩን አደረጉ፣ መልሰው አወለቁት።

«መቼ ነው ይሄ የሆነው?»

«ባለፈው ሳምንት።»

«ባለፈው ሳምንት! ለምንድን ነው ያልነገራችሁኝ?»

«እንዳይደነግጡ።»

አየሁዋቸው። ደንግጠዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል። ግን አልወደቁም። ወንበራቸው ላይ ናቸው፣ እግራቸው መሬት ላይ ነው፣ ያስባሉ።

«ሐሙስ ራሴ ሄጄ እናገራለሁ» አሉ።

«እንቅጩን?»

«እንቅጩን ነዋ!»

እፎይ አልኩ። መቸኮል አልነበረብኝም።

ሐሙስ ሦስታችንም ሄድን። የኮሚቴው ክፍል ረጅም ጠረጴዛ አለው፣ መሀሉ ላይ አቧራ የጠጣ የፕላስቲክ አበባ። ግድግዳው ላይ ያለው ቬንትሌተር ወደ አንድ በኩል ብቻ ይዞራል፤ ሰብሳቢው በዚያ በኩል ተቀምጧል። ኃላፊ ነው፣ ጎልማሳ፣ ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠ። አጠገቡ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ሴት አለች። እንዝርት ጥግ ላይ ናት፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ።

«ጥያቄው አንድ ነው» አለ ሰብሳቢው። «ፕሮግራሙ አስጠንቅቋታል ወይስ አላስጠነቀቃትም?»

አማቴ ተነሱ። ኮታቸውን ቆለፉ።

«የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፣ ከሁሉ አስቀድሜ በዚህ ጉባኤ ፊት እንድቀርብ ስለተፈቀደልኝ ምስጋናዬ ላቅ ያለ ነው።»

ይኸው ከአየሩ ጀመሩ።

ስለ ደም ባንክ ክቡር ዓላማ ተናገሩ። ስለ ለጋሾች ተናገሩ። ማቀዝቀዣዎቹን ሲያልፉ አይተዋቸው ኖሮ ስለ ንጽሕናቸው ተናገሩ። ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ። ባሌ ጫማውን አየ። እንዝርት እኔን አየችኝ።

«ወደ ተነሣው ጥያቄ ስንመጣ» አሉ አማቴ፣ «ማንኛውም የሰው ልጅ ሥራ ፍጹም እንዳለመሆኑ መጠን፣ መልእክቱ በማስጠንቀቅ ረገድ የበኩሉን ለማድረግ የታሰበ ሲሆን፣ በአንዳንድ አገላለጾች ረገድ ምናልባት የታሰበለትን ግብ ሙሉ ለሙሉ መትቷል ለማለት ጥቂት ያስቸግር ይሆናል።»

ሰብሳቢው ወደ ጸሐፊዋ ዞረ። «ማስጠንቀቂያው ተሰጥቷል፣ ጥቃቅን ጉድለቶች ነበሩት ብለሽ ያዢ።»

ያዘች።

«ይቅርታ፣ ማለቴ በተወሰነ ደረጃ…» አሉ አማቴ።

«ግልጽ ነው አባባ። በጣም እናመሰግናለን። ይቀመጡ።»

ይቀመጡ ሲባሉ ተቀመጡ። በጨዋ ደንብ። ፊታቸው ላይ ላብ አለ። የተናገሩ መስሏቸዋል፤ እውነትም ተናግረዋል፣ የሰማቸው ግን የለም።

እንዝርት አሁንም እኔን ነው የምታየው። ሌላ የምታየው ሰው የላትም።

ተነሣሁ። ባሌ ቀሚሴን ጎተተኝ። ቀሚሴን አስለቀቅኩ።

«አላስጠነቀቃትም» አልኩ።

ሰብሳቢው ቀና አለ። «አንቺ ደግሞ ማነሽ?»

«ምራታቸው ነኝ። የፕሮግራሙን መልእክት እጽፋለሁ።»

«አማትሽ መልስ ሰጥተዋል እኮ። ከሠራው ሰው በላይ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። እሳቸው ያሉትን ነው የምለው፣ አሳጥሬ።»

«እስቲ።»

«ዲስኩ ሞላ። ውጤቱ አልተቀመጠም። ፕሮግራሙ አልተቀመጠም አላላትም። ጠዋት ጠዋት ሰላም በሚላት ሳጥን፣ በዚያው ቃል፣ አይዞሽ ብሎ መልካም ቀን ተመኘላት። ይሄ ማስጠንቀቂያ ከሆነ የበሩ ዘበኛም ሲያስጠነቅቃችሁ ነው የሚውለው።»

አንድ ሰው ሳቀ። ቶሎ አቆመ።

ባሌ ጣራውን ያያል። ምራት አማቷን በሰው ፊት አርማ ቆማለች፤ ከዚህ በላይ ምን ይባላል። ቁጭ ልበል ወይስ ቆሜ ልቅር አላውቅም። ቆሜ ቀረሁ።

ሰብሳቢው ወደ አማቴ ዞረ። «አባባ፣ እንዲህ ነው ያሉት?»

አማቴ ቀስ ብለው ተነሱ። ኮታቸውን አልቆለፉም።

«አዎ።»

ሰብሳቢው ቀጣዩን ጠበቀ። ቀጣይ የለም።

«ታዲያ» አለ ሰብሳቢው፣ «ለምንድን ነው ‹አይደንግጡ› የሚለው?»

«እንዳትደነግጥ ብዬ።» አማቴ እንዝርትን አዩዋት። እስከዚያ ድረስ አላዩዋትም ነበር። «መደንገጥ ነበረባት። ደንግጣ ሰው መጥራት ነበረባት። እኔ ነኝ የከለከልኳት።»

ጸሐፊዋ ብዕሯን ይዛ ሰብሳቢውን ታያለች። «የቅድሙን ልሰርዘው?»

«ሰርዢው» አለ።

ውጡ ተባልን። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፤ አማቴና እንዝርት ጫፍና ጫፍ ተቀመጡ። መሀሉ ባዶ ነው፣ ማንም አልገባበትም። ባሌ ጆሮዬ ሥር መጣ።

«ውሉ አለቀለት።»

«ሊሆን ይችላል።»

«አባባ ደግሞ ከእንግዲህ አያናግሩሽም።»

«ሊሆን ይችላል።»

«ሌላ የምትዪው የለሽም?»

በሩ ተከፈተ።

ጠሩን። ሰብሳቢው ወረቀት ይዟል። እንደዚህ ብሎ አነበበ፤ «ኮሚቴው የቀረቡለትን ማስረጃዎች ከግራና ከቀኝ ከመረመረ በኋላ፣ ቀደም ሲል በሠራተኛዋ ላይ የተላለፈው የእገዳ እርምጃ ጸንቶ እንዲቀጥል የሚያስችል በቂ ምክንያት ስላላገኘ፣ አግባብነት ባለው አሠራር መሠረት እንዲታይ ወስኗል።»

እንዝርት ቦርሳዋን እንደያዘች ተነሣች። «ምን ማለት ነው?»

«እንደተነበበው ነው።»

«ነገ ልግባ ወይስ አልግባ?»

«ውሳኔው በጽሑፍ ይደርስሻል፣ እዚያ ላይ በዝርዝር…»

«ጌታዬ። ነገ ልግባ ወይስ አልግባ?»

ሰብሳቢው ወረቀቱን አየ፣ ሰዎቹን አየ። አንዲት የኮሚቴ አባል አንገቷን ነቀነቀችለት።

«ግቢ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም ከፈለግሽ ግቢ።»

«ደመወዜስ?»

«አይቆረጥም። በይ ሂጂ!»

ለኛ ደግሞ ስለ ውሉ ሌላ ቀን እናነጋግራችኋለን አለን። ባሌ አመሰገነ። እኔ አላመሰገንኩም፤ ሌላ ቀን ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

እንዝርት ኮሪደሩን እየሮጠች ልትሄድ ስትል አማቴ ቀደሟት። ፊቷ ቆሙ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«የተከበርሽ ልጄ፣ ከሁሉ አስቀድሜ በዚህ ሰሞን የደረሰብሽን መጉላላት በተመለከተ የተሰማኝን ጥልቅ…»

«አባባ» አለች እንዝርት፣ «ሰልፍ አለ። በኔ ቦታ ያለችው ልጅ በሁለት ጣት ነው የምትጽፈው።»

እጃቸውን ጨበጠቻቸውና ሄደች። ጫማዋ ደረጃው ላይ ሲንኳኳ ይሰማል፣ ሁለት ሁለት እየዘለለች ነው። ከታች አንድ ሰው «መጣሽ እንዴ!» ብሎ ጮኸ።

ባሌ መኪናውን ሊያመጣ ወጣ። አማቴ ባርኔጣቸውን ይዘው ቆመው ቀሩ። ጎናቸው ቆምኩ። አያዩኝም።

«ይቅርታዬን አልሰማችኝም» አሉ በመጨረሻ፣ ወደ ደረጃው እያዩ።

«ነገ ይደውሉላት።»

«ምን ብዬ?»

«ይቅርታ ብለው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይዘጉታል።»

ባርኔጣቸውን እያገላበጡ አሰቡ። መኪናው ጥሩምባ ነፋ።

«ከባድ ነው» አሉ፣ ደረጃውን መውረድ ጀመሩ።